ቆሞ የተቀመሰ አይቆጠርም

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ልብስ ሰፊው ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ናቸው፣ ዛሬም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽሬን ያያችሁ እያሉ ቤቱን ያምሳሉ? ልጆቹስ? እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ናፍቆትሽ ብቻ ነው የሚያስቸግረን።

ይህን ወረቀት ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ቁጭ በይ። ክፉ አይደለም፣ አትደንግጪ። ትናንት የምርመራው ውጤት ወጣ። ቆሽቴ ንጹሕ ነው። ስኳሬም ወርዷል። አሸነፍኩ እትዬ! ይኸው ዋናውን ጻፍኩልሽ፤ አሁን ከሥሩ ልንገርሽ። ጉራዬንም ቻይው፣ ዘንድሮ ይገባኛል።

እንደምታውቂው አምና ጀርባዬን ያመኝ ጀመር። የጋራዡ ወጥ ቤት ውስጥ ለሁለት መቶ ሾፌርና መካኒክ የሚበቃውን ድስት የማነሳው እኔ ስለሆንኩ፣ ከድስቱ ነው ብዬ ለማንም ሳልተነፍስ ዋጥኩት። ግን አባታችንም እንዲሁ አልነበር ያለው? ሥጋ ቤቱ ውስጥ ብልት ስሸከም ነው እያለ፣ እኛም ጀርባውን በቅባት እያሸን ስንት ወር አባከንን። የነቃነው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ነው። ያኔ ሐኪሙ የቆሽት ካንሰር ነው አለን፣ ረፍዷል አለን፤ አራት ወር እንኳ አልቆየልንም። ይህን ሳስብ እህል አልወርድልህ አለኝ። ፈርቼ ነበር እትዬ። ልጄ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለቤቴ ፊቴን አይታ ባትነግርሽ፣ አንቺም ካልታየህ ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ ብለሽ ባትቆጪኝ ኖሮ፣ እስከ ዛሬ ድስቱን እየሰደብኩ እቀመጥ ነበር።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ከሲታ፤ ድምጿ ግን የትራፊክ ፖሊስ ነው። ደሜን አስቀዳች፣ ሆዴን በማሽን አስነሳች። ጀርባዬ እውነትም የድስቱ ጣጣ ሆኖ ተገኘ፤ ቆሽቴም ላይ ምንም የለም አለችኝ። እፎይ ብዬ ልነሳ ስል፣ ቁጭ ይበሉ አለች። ለካ ስኳሬ ድንበሩ ላይ ቆሟል፣ ክብደቴም ከልክ አልፏል። በዚያ ላይ አባቴ በቆሽት ካንሰር ሞቷል፣ እኔም ሲጋራ አጨሳለሁ፣ ያረረ ሥጋ፣ ቋሊማና ለስላሳ መጠጥ የዘወትር ቀለቤ ነው። ይህ ሁሉ ሲደራረብ አደጋውን ከፍ ያደርገዋል አለች። ከአባትዎ የወረሱትን ማንም አይቀይረውም፣ የሚበሉትን ግን እርስዎ ይቀይሩታል፤ ስድስት ወር ሰጥቼዎታለሁ ብላ ደብተር አስያዘችኝ። የምበላውን ሁሉ እንድጽፍ። ሲጋራውን የዚያኑ ዕለት በሩ ላይ ጣልኩት።

ጻፍኩ። ቁርስ ሻይ ያለ ስኳር፣ ምሳ ባቄላና ጎመን፣ እራት ሰላጣ። መነኩሴ እንኳ እንዲህ አይጾምም! በሁለተኛው ወር ሚዛን ላይ ስወጣ አንድ ኪሎ ጨምሬ አልገኝ መሰለሽ? ሐኪሟ ደብተሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ዘግታ መለሰችልኝ። ውሸታም ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ቆሽቴ አረረ፤ ያውም ያንን ሁሉ የምሳሳለት ቆሽቴ!

የደረሰችበት ባለቤቴ ናት። በእኛ ሙያ ቆሞ የተቀመሰ አይቆጠርም፤ ሃያ ዓመት የኖርኩበት ሕግ ነው። የፈለግሽውን ወጥ ሠሪ ጠይቂ፣ ጢሙ በስብ እያብለጨለጨ ዛሬ እህል በአፌ አልዞረም ይልሻል። እሷ ታዲያ፣ እስቲ አንድ ቀን ስትቀምስ ወደ አፍህ የምትልከውን ያህል ባዶ ሳህን ላይ አስቀምጥ አለችኝ። አሳይሻለሁ ብዬ ጀመርኩ። ጨው ለማየት አንድ ማንኪያ። ሥጋው መብሰሉን ለማየት አንድ ጉርሻ። ከመጥበሻው ሥር ያረረችዋ፣ እሷማ የወጥ ሠሪ ድርሻ ናት። የቋሊማው ጫፍ፣ የድስቱ ጥራጊ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሦስት ሳህን ሞልቶ ስቡ ላዩ ላይ ነጭ ሆኖ ረግቷል። ይህ እንግዲህ እህል ያልቀመስኩበት ቀን መሆኑ ነው! እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ፎቶ አንስቼ ለሐኪሟ ባሳያት፣ ያቺ የትራፊክ ፖሊስ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ በየድስቱ አንዴ ብቻ፣ ያውም በሻይ ማንኪያ ሆነ፤ እሱንም እጽፈዋለሁ። ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽሽም። ጥብሱ ሲሸት እጄ ሳልልከው ይሄዳል፤ ሁለት ሦስቴ ተሸንፌያለሁ፣ ሽንፈቴንም ጽፌዋለሁ። ከሥራም ወደ ቤት በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። ደግሞ ለራሴ የፈራሁትን ለሰው እንዴት አቀርባለሁ ብዬ አለቃችንን አስፈቅጄ ምግቡን ቀየርኩት። ቋሊማው በሳምንት አንድ ቀን ሆነ፣ ሥጋን እስኪከስል መጥበስ ቀረ፣ ምስርና ዓሣ ገባ። ጋራዡ ተንጫጫ! ፍሬን የለሽ የምንለው ሾፌር መሀል ላይ ቆሞ፣ አውቶቡስ በናፍጣ እንጂ በሣር አይሄድም ብሎ ሰው አሳቀብኝ። ጥርሴን ነክሼ ምስሩን በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ አሳመርኩት። በሦስተኛው ሳምንት ሳህኑን ይዞ ተመልሶ፣ ከዚያች ሣርህ ትንሽ ጣል አድርግልኝ አለኝ። ጨመርኩለት፣ አልሰደብኩትም። ትንሽ ብቻ ሰደብኩት።

ትናንት ስድስት ወሩ ሞልቶ ሆዴ በማሽኑ ዳግም ታየ፣ ንጹሕ ነው፤ ሚዛኑ ላይም ወጣሁ፤ አሥራ ሦስት ኪሎ ቀንሻለሁ! ሐኪሟ ብድግ ብላ ጨበጠችኝ። እኔ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ እልል አልኩ፣ ወንድ ልጅ እልል አይልም ያለ ይምጣና ይናገረኝ። ዛሬ ጠዋት መጋዘን ገብቼ አሥራ ሦስት ኪሎ ሽንኩርት መዝኜ ተሸከምኩ። ጉድ እኮ ነው፣ ይህን ሁሉ ይዤ ነበር የምዞረው! የወጥ ቤቱ ሰው ሁሉ በየተራ እያነሳ አጨበጨበልኝ።

ሐኪሟ ያስጠነቀቀችኝን ግን አልደብቅሽም። የቆሽት ካንሰርን ጨርሶ የሚከለክል ምግብ የለም፣ አደጋውን መቀነስ ነው እንጂ ዋስትና የለም፤ ከእንግዲህም በየጊዜው ይታያሉ አለችኝ። ቀጥላ እህት ወንድም አለዎት ወይ አለች። እህት አለችኝ፣ እዚህ ድረስ የገፋችኝም እሷ ናት አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። እሷስ ታይታለች ወይ ስትለኝ፣ ጠይቄሽ አለማወቄ ታየኝ።

አልታየሽም እትዬ። ጋሼን በስልክ አወጣጣኋቸው። ሦስት ጊዜ ተቀጥረሽ ሦስቴም ቀርተሻል፤ አንዴ እንግዳ መጣ፣ አንዴ ዝናብ ጣለ፣ አንዴ ጉልበቴን አመመኝ ብለሽ። እኔን እንደ ሕፃን እየተቆጣሽ አንቺ ተደብቀሽ ኖሯል! የፈራሽው ገብቶኛል፣ እኔም ፈርቼው ነበር። ስለዚህ አራተኛውን ቀጠሮ እኔና ጋሼ ይዘንልሻል። የሚመጣው ወር የመጀመሪያው ሐሙስ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት። ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ረቡዕ እቤትሽ ነኝ፤ ብትቆጪም መጣሁ፣ ብትስቂም መጣሁ። አባታችንን ይዘን ስንገባ ረፍዶ ነበር። አንቺን ይዤሽ የምገባው በጊዜ ነው። እኔ እንግዲህ ማርጀት አምሮኛል፤ አንቺ ከሌለሽ ግን ከማን ጋር እየተጨቃጨቅኩ አረጃለሁ?

ለጋሼ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ምስጢር ስላወጡልኝ እንዳትቆጫቸው። ትልቋን ልጅሽን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ መንትዮቹንም ጉንጫቸውን። ባለቤቴና ልጄ በብዙ ናፍቆት ሰላም ብለውሻል፤ ልጄ እንዲያውም አክስቴን ይዘሃት ካልገባህ እንዳትመለስ ብላኛለች።

ታናሽ ወንድምሽ
ከጋራዡ ወጥ ቤት
ሚያዝያ ፲፬ ቀን