«ይግባኝ የለውም» ያልከኝ ትዕዛዝ

አዋሽ
መጋቢት 4 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለአቶ ሣህሌ፣
ሎጊያ፣

«ውድ ባለቤቴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ ሾፌሩ አለሙ ነው። እሱን እንዳትቆጣው፣ ምኑንም አያውቅም።

በል ስማኝ። ቤቱን አላስረክብህም!

ጥር ሰባት ቀን ዳኛው «ክርክሩ እስኪያልቅ ሆቴሉ በባልሽ እጅ ይቆይ፤ እስከ መጋቢት ዐሥር ቁልፉን አስረክቢ» ሲሉኝ ምድር ዞረብኝ። አሥራ አንድ ዓመት ጭስ የጠጣሁበት ቤት! አንተ ጥለኸኝ ከሄድክ ወዲህ ጣራውን ያስቀየርኩት፣ ግድግዳውን ያስመረግሁት እኔ ነኝ። ያለሱ መግቢያ የለኝም፤ ይህን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ይግባኝ እላለሁ ብዬ ስነሳ ያንተ ደብዳቤ ከተፍ አለ። «ስንቅዬ፣ በከንቱ አትድከሚ» ትላለህ። «ይህ ፍርድ አይደለም፣ ትዕዛዝ ነው። ትዕዛዝ ይግባኝ የለውም። ዋናው ፍርድ ሲሰጥ ያኔ አብረሽ ትጠይቂያለሽ።»

ስንቅዬ! ከሠርጋችን ወዲህ እንዲህ ብለህ ጠርተኸኝ አታውቅም። እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ።

ግን አመንኩህ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠህ ስምንት ዓመት የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ የኖርክ ሰው ነህ። እኔ ትዕዛዝ የማውቀው «አንድ ሽሮ፣ ሁለት ሻይ» ሲባል ነው።

የካቲት ሃያ ሰባት ቀን እኔና ሠራተኛዬ ውባንች ድስቱን በጆንያ ስንከት አማን ለምሳ ገባ። አማን በመልካ ወረር በኩል ያለ የጥጥ እርሻ ጸሐፊ ነው፤ የሕግ መጽሐፍ ከእጁ አይለይም። «ምነው እትዬ፣ ልትለቂ ነው እንዴ?» አለኝ። እያለቀስኩ ነገርኩት። «እስቲ ትዕዛዙን አምጪልኝ» አለ። እኔ ሞኟ «ውባንች፣ ለአማን አንድ ሽሮ!» ብዬ ጮህኩ። ሰውየው እስኪያስለው ሳቀ። «የዳኛውን ወረቀት ማለቴ ነው እንጂ!»

አነበበውና ሳቁ ጠፋ። «ባልሽ ግማሹን እውነት ነው የነገረሽ» አለ። «ቀጠሮ ተለወጠ፣ ይህ ምስክር አይሰማም ተባለ፤ በክርክር መካከል የሚሰጥ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ የመጨረሻውን ፍርድ ይጠብቃል። ሰው ይታሰር፣ ወይም ንብረት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ይተላለፍ የሚል ከሆነ ግን ይግባኙ ወዲያው ነው። ጊዜው ስልሳ ቀን ነው።» በጣቱ ቆጠረ። «አሥር ቀን ቀርቶሻል።»

ያን ጊዜ ማመልከቻ ልታጽፍህ ትመጣ የነበረችው ውብነሽ ትዝ አለችኝ። አንተ ጥለኸኝ ልትሄድ ሰሞን፣ «ግመሎቼን አስረክቢ ተባልኩ» ብላ ስትመጣ ይህንኑ ይግባኝ የጻፍክላት አንተው አይደለህም? ለባዳ የተገኘው ሕግ ለእኔ ሲሆን ጠፋ? አይ ሣህሌ! ክፉ ነህ። በጾም ምድር አፌን አታስከፍተኝ።

እሑድ ባቡር ተሳፈርኩ፤ ሰኞ ጠዋት የበላይ ፍርድ ቤት በር ላይ ነበርኩ። ይግባኜን ተቀበሉኝ። እስኪሰማ ድረስም ርክክቡ ታግዷል። ቁልፉ ይኸው አንገቴ ላይ ነው። መጥተህ ውሰደው እስቲ!

ቀጠሮው ከትንሣኤ በኋላ ሚያዝያ ሃያ አንድ ነው። እንዳትቀር። ታምሜ ነበር የምትለው ሰበብ እዚያ አይሠራም።

ደግሞ አለሙ «እዚያ ወባ ገብቷል፣ እሱንም ሲያንቀጠቅጠው አየሁት» አለኝ። በጨርቅ ቋጥሬ የላክሁት ክኒን ነው። ምግብ ሳትቀምስ እንዳትውጠው፤ በባዶ ሆድህ ሲሆን እንደሚያስመልስህ አውቃለሁ። ለክርክሩ በሕይወት ስለምትፈለግ ነው እንጂ ሌላ እንዳይመስልህ።

እግዚአብሔር እስከ ሚያዝያ ሃያ አንድ ያቆይህ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱ ያውቃል።

ይግባኝ ባይ
ስንቅነሽ

ሚስትህም ነኝ፤ በዚህ ላይ ገና የተሰጠ ፍርድ የለም።