ከጎደሬው ማሳ ሥር ያለው ጭቃ

ሰኞ
ሁለት ቱቦ፣ በየቱቦው አስር እጭ። የማይናከስ ትንኝ እጮች ናቸው፤ ቀያይ፣ እንደ ክር የቀጠኑ። ጫፉን በወንፊት ሸፍኜ አንዱን ከላይ፣ ጅረቱ ንጹሕ በሚመስልበት ቦታ ቀበርኩ። ሌላውን ከታች፣ የጋራዥ ፍሳሽ ከተቀላቀለ በኋላ፣ በናሎንጎ ጎደሬ ማሳ ጥግ። እስከ ዓርብ ይቆያሉ። ጭቃው መርዝ ካለበት ቀድመው የሚሞቱት እነሱ ናቸው።
ናሎንጎ የሚባሉት በአገሬው ልማድ መንታ ስለወለዱ ነው። "ሳላማ! ዛሬም ለትል ቤት ልትሠሪ መጣሽ?" ብለው ሳቁብኝ። ሰላማዊት ማለት ይከብዳቸዋል። ካምፓላ ውስጥ ከቢሮ ውጪ በስሜ የሚጠራኝ ሌላ ሰው የለም።

ማክሰኞ
ዝናብ። ቱቦዎቹ ግን አልተነቀሉም፤ ተመስገን። ቀኑን ሙሉ አማርኛ አልተናገርኩም። ኪዋቱሌ ሰፈር ያለው ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ "እፎይ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ድምፄን ለመስማት።

ረቡዕ
ናሎንጎ የተቀቀለ ጎደሬ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። "ከስተሻል፣ ብዪ።" እምቢ ማለት አቃተኝ፤ አብረን በላን። እያላመጥኩ ጭቃውን አያለሁ። ይጣፍጥ ነበር።

ዓርብ
ከላይ፦ ዘጠኝ በሕይወት። ከታች፦ ሁለት። የቀሩትን ስምንት ነጭ ሳህን ላይ በብሩሽ ነካካኋቸው። ንቅንቅ የለም።
አለቃዬ በስልክ፦ "አንድ ሙከራ ማስረጃ አይሆንም፤ ድገሚው። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ።" እውነቱን ነው። ግን ናሎንጎ ነገ ጎደሬ ነቅለው ገበያ ሊወስዱ ነው።

ቅዳሜ
በጠዋት ሄጄ ነገርኳቸው። "እጮቹ ሞቱ ማለት ጎደሬው ሰው ይጎዳል ማለት አይደለም። ግን እስኪጣራ ከታችኛው ባይነቅሉ።"
"ረቡዕ ያበላሁሽ ከዚያው ነው። ያኔ ታውቂ ነበር?"
"እጠረጥር ነበር።"
"እና ዝም ብለሽ በላሽ? እኔም አብሬሽ ስበላ ዝም?"
 ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ።

እሑድ
ልብስ አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ። ማንም አልደወለም።

ሰኞ
ሁለተኛውን ዙር ልቀብር ሄድኩ። የታችኛው ማሳ አልተነካም። ናሎንጎ ከላይ፣ ጅረቱ ዳር አዲስ መደብ ይቆፍራሉ። ሰላም ብላቸው ከቁፋሮው ቀና አላሉም። ሥራዬን ቀጠልኩ። ቆይተው ቆይተው ቀና አሉ።
"የዚህኛውስ ጭቃ ደህና ነው?"
"ይመስለኛል። ግን መሞከር አለበት።"
መቆፈሪያውን ጣሉና አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። ቱቦውን እሳቸው ያዙልኝ፣ እኔ እጮቹን ጨመርኩ። አልሳቁም።
ልሄድ ስል፣ "ዓርብ ሳትጠሪኝ እንዳትከፍቺው" አሉ። "በዓይኔ ልይ።"
እሺ አልኩ። ምን እንደምናገኝ እንጃ።