የውሃው መዝጊያ የት ነው፣ ደስዬ?

ለሃያ ሁለት ዓመታት ያለ አንዳች ዕረፍት ሲንጠባጠብ የኖረው የወጥ ቤታችን ቧንቧ፣ ባደረበት ጽኑ የጎማ ሕመም በቤት ውስጥ ሲታከም ቆይቶ፣ ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ጸጥ ማለቱን የምገልጽልህ በታላቅ ሐዘን ነው። ቧንቧው የአንድ ሳፋና የሁለት ባልዲ አባት ነበር።

ውድ ባለቤቴ ደስዬ፤ ከተለየኸኝ አሥራ አንድ ወር ከዘጠኝ ቀን ሆነ። ያለህበት ቦታ ውሃ በፈረቃ እንደማይመጣ አምናለሁ። እኛ ዘንድ ግን አሁንም ይመጣል ሲሉት ይቀራል፣ ቀረ ሲሉት ይመጣል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ የጉና ነፋስ ሊነሣ ሲል ከሬዲዮ ቀድሞ ይነግረኛል። ልጃችን ሕይወትም ባሕር ዳር ደህና ናት፤ በየቀኑ እየደወለች መድኃኒቴን መዋጤን ትመረምረኛለች። ባንተ ወጥታለች፤ ፈተና ትወዳለች።

ከሰላምታው ቀጥሎ ክሴን ላሰማ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ፤ ያለ ማስረጃ አልከስም። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ጣና እንደሚገቡ ለስንት ትውልድ ያስተማርህ የጂኦግራፊ መምህር፣ የገዛ ቤትህ ውሃ የት ጋ እንደሚዘጋ ለአንዲት ሚስትህ ሳትነግር ሄድህ።

ነገሩ የተጀመረው በሙት ዓመትህ ምክንያት ነው። ቀኑ ሲቃረብ ሕይወት ፈቃድ ወስዳ መጣችና ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። «እማ፣ የአባባ ዘመዶች ሁሉ ከገሳይ ሲመጡ በዚህ መታጠቢያ ቤት ነው የሚስተናገዱት?» አለችኝ። ምን ጎደለው አልኋት። መቁጠር ጀመረች፦ የእጅ መታጠቢያው ውሃ አያወርድም፤ የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ሞልቶም አያቆም፤ ቀዩ ቧንቧ ቀዝቃዛ፣ ሰማያዊውም ቀዝቃዛ። በዚህኛው እንኳ ተከራክሬልሃለሁ። ሙቅ ውሃ አስገባልኝ ስልህ «ሙቅ ውሃ የፈለገ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይሂድ፤ እግዜር አሙቆ አስቀምጦለታል» ያልኸኝን ነገርኋት። አልሳቀችም።

እውነቱን ለመናገር ደስዬ፣ እጅህ ያረፈበት ቧንቧ ሁሉ ያስታውቃል። የሚያፈስ ነገር ባየህ ቁጥር ቃጫ ስትጠመጥምበት፣ በላዩ ስትጠመጥምበት፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ በመጨረሻ ለማኅሌት የቆመ መሪጌታ መሰለ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለቄስ ብቻ መስሎህ ኖሯል። እኔ ባትሪ እይዝልህ ነበር፤ የትም ባበራልህ ያበራሁት የተሳሳተ ቦታ ነው። ውሃው ጫማህን ሞልቶ እንኳ «የሺ፣ ይህ መፍሰስ አይደለም፤ ወቅታዊ ሙላት ነው» ትለኝ ነበር። ባትሪው እስኪንቀጠቀጥ እስቃለሁ፤ አንተ ደግሞ መብራቱን አላስተካከልሽም ብለህ ትቆጣኛለህ።

እናም ኮንትራክተር ፍለጋ ወጣን። የመጀመሪያው ቤቱን ሳያይ በስልክ «ይፈርሳል» አለ። ሁለተኛው መጥቶ አይቶ «ይፈርሳል» አለ። ሦስተኛው፣ ፈንታሁን የሚባለው፣ «ጥቂት ይፈርሳል» ስላለ እሱን ያዝን።

ፈንታሁን ራሱን ኢንጅነር ይላል። እስኪ የሠራኸውን ቤት አሳየኝ አልሁት፤ ወደ አንዲት ባልቴት ቤት ወሰደኝ። እሱ ደጅ ቆሞ ስልክ ሲያወራ፣ ቀስ ብዬ በሥራው ደስ ብሏት እንደሆነ ጠየቅኋት። «እንዴት ደስ አይለኝ እህቴ፣ ጨርሶ ሄደልኝ እኮ!» አለች። ቢሆንም ቧንቧዋን ከፍቼ ዘጋሁት፤ አልተንጠባጠበም። ሽንት ቤቷን ለቀቅሁት፤ ወረደ፣ ደግሞም ቆመ። ካንተ ቤት ለመጣ ሰው ይህ ተአምር ነው።

ውሉን እኔው ጻፍሁት፤ አሥራ ስድስት አንቀጽ ወጣው። ምኑ እንደሚሠራ፣ በምን ዓይነት ዕቃ፣ በስንት ቀን፣ ክፍያው ደግሞ ሥራው እየታየ በየደረጃው። ፈንታሁን ሲያነብ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። «እትየ የሺ፣ ቧንቧ ልቀይር ነው እንጂ ድንበር ላካልል መጣሁ እንዴ?» አለኝ። ፈረመ። እኔ ግን በአሥራ ስድስቱ አንቀጽ ውስጥ አንድ ነገር ሳልጽፍ ቀረሁ። መደቡን አትንካ የሚለውን።

መደቡን መቼም አትረሳውም። ጡረታ በወጣህ ዓመት ከደጃፋችን ሥር በገዛ እጅህ የሠራኸው የድንጋይ መደብ ነው። አንደኛው ጫፉ ፀሐይ ነው፤ ሌላው ጫፉ ቀኑን ሙሉ ጥላ። አንተ ብርዱ አጥንት በሚበሳበት በታኅሣሥ ወር እንኳ ፀሐዩን ለመጣው ሁሉ ትለቅና፣ አጎዛህን ጥላው ጥግ ላይ አንጥፈህ ትቀመጥ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «መምህር ፀሐይ ይጠላል» ይል ነበር፤ እኔም ብዬሃለሁ። ከሄድህ ወዲህ አጎዛውን በየቅዳሜው አራግፌ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። ተቀምጬበት ግን አላውቅም። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ሥራው ተጀመረ። ፈንታሁን ውባንተ የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ይዞ መጣ። ውባንተ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ ሁለት ቃል የማይወጣው ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ሲፈለፍል ውስጡ ያለውን ቧንቧ በመሮ በሳው። ማንም አላወቀም፤ ፈረቃችን አልነበረማ። ውሃ በሌለበት ቀን ቧንቧ ቢወጋም አያለቅስም። በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱም ሥራ እንደገቡ ውሃው መጣ፤ ግድግዳውም ፈነዳ። ጎረቤታችን ብርቄ ጩኸታችንን ሰምታ «ጸበል ፈለቀ እንዴ?» እያለች ከች አለች። ጄሪካን ይዛለች። ለጸበሉ ይሁን ለፈረቃው ብላ አልጠየቅኋትም።

ውባንተ «መዝጊያው የት ነው?» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። እኔ ደግሞ ዞሬ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶህን አየሁ። አንተ ወደ ጎን ነበር የምታየው።

ውባንተ በር ላይ ካለው ቆጣሪ ጋ የነበረውን መዝጊያ ሞከረው። ይዞራል፤ አይዘጋም። «ይህ ከጋፋት፣ ከቴዎድሮስ መድፍ የተረፈ ብረት ነው» አለና ተመልሶ መጥቶ የተበሳውን ቧንቧ በጎማ ልጥ ጠፍሮ አሰረው። ልክ አንተ እንደምታደርገው። ያኔ ትንሽ ኮራሁብህ። ግን ጎማው ያለቅሳል፤ ፈረቃው ደግሞ መቼ ሄዶ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም፤ ውሃው ካልተዘጋ ምንም መቀየር አይቻልም።

መዝጊያ ፍለጋ ቤቱን ገለበጥሁት። አልጋ ሥር አየሁ። ቆጥ ላይ ወጣሁ። አትላስህን ሳይቀር ገጽ በገጽ አገላበጥሁት፤ የዓለም ወንዝ ሁሉ አለ፣ የእኛ የለም። በመጨረሻ የነፍስ አባትህ ዘንድ ሄድሁ። አዎን፣ አባ ኪዳኔ ዘንድ። «አባቴ፣ ደሳለኝ በመጨረሻው ሰሞን የነገረዎ ነገር ይኖር ይሆን? ስለ ውሃ መዝጊያ» አልኋቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ኃጢአቱን ነግሮኝ ቢሆን አልነግርሽም። ቧንቧ ማወቁን ነግሮኝ ቢሆን ግን መጀመሪያ የኔን ቤት ባሠራሁት ነበር» አሉኝ። መስቀላቸውን አሳልመው «የተሰወረውን የሚገልጽ እሱ ይግለጽልሽ» ብለው ሸኙኝ።

ስመለስ ፈንታሁን ወስኖ ጠበቀኝ። ቧንቧው ከቆጣሪው ተነሥቶ ቤት የሚገባው በመደቡ ሥር ነው፤ መደቡ ይፈርሳል፤ እዚያ ጋ ተቆርጦ አዲስ መዝጊያ ይገባበታል። «የአንድ ቀን ሥራ ናት እትየ» አለኝ። ሕይወትም «እማ፣ ድንጋይ እኮ ነው፤ እንደገና ይሠራል» አለች። ድንጋዩማ ይሠራል። የሚቸግረው ሠሪው ነው።

ሙት ዓመትህ የቀረው አንድ ወር ነበር። ያለ ውሃ ጠላ አይጠመቅ፣ ዕቃ አይታጠብ፣ እንግዳ እጁን አይታጠብ። ፈንታሁን ልክ ነው፤ ሕይወትም ልክ ናት። እኔ ብቻ ነኝ ልክ ያልሆንሁት። «መደቡ ከፈረሰ እንግዳው የት ይቀመጣል?» ብዬ ተከራከርሁ። ምክንያቴ እሱ እንዳልነበረ አንተ ታውቃለህ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። ፈንታሁን ዶማውን ሲያነሣ ሄጄ መደቡ ላይ ቁጭ አልሁ። ባንተ ጥግ። ባንተ አጎዛ ላይ። «እንግዲህ ከነእኔ አፍርሱት!» አልሁ። ፈንታሁን ዶማውን አየር ላይ እንደያዘ «ኧረ እትየ፣ ይህ በውሉ የለም!» ይላል። ሕይወት «እማ፣ ሰው እያየን ነው!» ትላለች። ብርቄ ለማየት ጄሪካኗን ገልብጣ ተቀምጣለች። እኔ ላለመነሣት ጠበቅ ብዬ ልደላደል ስል፣ ድንጋዩ ከበታቼ ወዝወዝ አለ። ወደ ግራ ሳዘነብል ቀኙ ብድግ ይላል፤ ወደ ቀኝ ሳዘነብል ግራው። እኔ የተናደድሁት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ድንጋዩ ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ውባንተ የተናገረው። «እትየ፣ እስኪ ይነሡ።»

«አልነሣም!»

«ኧረ ይነሡ እባክዎ፤ ይህ ድንጋይ ሲሚንቶ የለውም።»

ተነሣሁ። አጎዛውን አጠፍሁት። ሁለቱ ድንጋዩን ሲያነሡት ከሥሩ በጡብ የታነጸች ትንሽ ጉድጓድ ወጣች። ውስጧ ዝገት ያልነካው፣ ቅባት የተቀባ መዝጊያ። ከጎኑ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት። ወረቀቱ ካርታ ነበር፣ ደስዬ። የሰሜን ቀስት አለው። የርቀት መስፈርት አለው። ከቆጣሪው የሚነሣ ዋና ወንዝ፣ ወደ ወጥ ቤት የሚሄድ ገባር፣ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚሄድ ገባር። የእጅ መታጠቢያው ማውረጃ ጋ «ረግረግ» ብለህበታል። ከታች ደግሞ በዚያ በቀይ እስክሪብቶህ፦ «የሺ፣ ወደ ቀኝ ነው የሚዘጋው። በኃይል ሳይሆን በቀስታ።»

ያን ጊዜ ጥላው ጥግ ገባኝ። ድንጋዩ ልቅ ነው፤ ሰው ቢቀመጥበት ይንገዳገዳል። ማንም እንዳይወድቅ አንተ ተቀመጥህበት፤ እኛ ፀሐይ ይጠላል አልንህ።

መዝጊያውን ማንም እንዲነካው አልፈቀድሁም። ተንበርክኬ ወደ ቀኝ አዞርሁት፣ በቀስታ። ውሃው ቀጥ አለ። ብርቄ እልል አለች፤ ኋላ ምን እልል እንደሚያሰኝ ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ቀና። የተበሳው ቧንቧ ተቀየረ፤ ማጠራቀሚያው ሞልቶ ማቆም ተማረ። ውባንተ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ፈትቶ የጣት ቀለበት የምታህል ያለቀች ጎማ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የታገልኸው ከዚህች ጋር ነው። ከመነጽርህ አጠገብ አኑሬያታለሁ። ከእጅ መታጠቢያው ማውረጃ ደግሞ «ማን ወሰደው?» እያልህ ስትከሰን የኖርኸው የቀይ እስክሪብቶህ ክዳን ወጣ። ሕይወት ይቅርታህን ትጠብቃለች። ፈንታሁን መዝጊያውን «በጥናት» እንዳገኘው ለከተማው እያወራ ነው፤ ተወው ይብላበት። ብቻ በውሉ ላይ በእጄ አንቀጽ አሥራ ሰባትን ጨምሬ አስፈርሜዋለሁ፦ መደቡ አይነካም።

ሕይወትንም እጇን ይዤ ወስጄ መዝጊያውን ሦስት ጊዜ አዘጋኋት፣ ሦስት ጊዜ አስከፈትኋት። ድንጋዩንም በሲሚንቶ አላስመታሁትም። እንግዲህ በእኔ ዕድሜ ጥላው ጥግ የእኔ ነው። ፀሐዩን ለእንግዳ እለቃለሁ፤ የሺም ፀሐይ ጠላች ይበሉ። ብርድ ነው፤ ግድ የለም፣ አጎዛህ ይሞቃል። በሙት ዓመትህ ዕለት ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ እጁን በቧንቧ ውሃ ሲታጠብ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ አስብሃለሁ። ከዚያም በኋላ በየቀኑ።

ባለቤትህ የሺ፤ ደብረ ታቦር፣ ከመደቡ ላይ።

ማረሚያ፦ በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ «ለአንዲት ሚስትህ ሳትነግር ሄድህ» ተብሎ የሰፈረው ቃል ስሕተት መሆኑ በድጋሚ ማጣራት ተረጋግጧል። ድንጋዩ በተገጠመበት ዕለት ሟች ከደጅ ሆነው «የሺ፣ ነይ እዪው፤ ነገ እንዳትቸገሪ» በማለት ሦስት ጊዜ የተጣሩ ሲሆን፣ ከሳሽ ሽንኩርት በማቁላላት ላይ ስለነበረች «መጣሁ፣ መጣሁ» ብላ ሳትመጣ ቀርታለች። ስለሆነም ክሱ ተነሥቷል። ከሳሽ ዘግይታም ቢሆን መጥታ ማየቷ በዚሁ ይመዝገብ።