አቁመን የተሸከምነው መሰላል

ሲዬናጋ፣ መጋቢት 9

ውድ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። የሜዴሊን ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጀርባህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይወጋሃል? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? እናታችን ደህና ናት፤ ጆሮዋ ግን ደክሟልና ስትደውል ጮክ በል። እኔም በጤናዬ ደህና ነኝ። ጤናዬ ብቻ ነው ደህና።

ሁለት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩልህም። አኩርፌ አይደለም፣ አፍሬ ነው። የዶን አርኑልፎን ቤት ልንቀባ ሄደን በሩ ላይ የተናገርኩህን መቼም አልረሳኸውም። አንተ፣ "ቀና ብለህ የመብራት ሽቦውን እይ እንጂ! ይሄን መሰላል አስተኝተን እንውሰደው" አልከኝ። እኔ ደግሞ በሰው ፊት፣ "ሽቦ የምትፈራ ከሆነ ሂድና የሴት ጥፍር ቀባ!" አልኩህ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተ ብሩሽህን አጥበህ፣ ጨምቀህ፣ ባልዲው አፍ ላይ አጋድመህ ሄድክ።

በአንተ ቦታ ኤሊየሰርን ያዝኩ። ታውቀዋለህ፣ የሱቅ ስም ጸሐፊው፣ የዳማሪስ ባል። ከገበያው እስከ ባቡር ጣቢያው ያለው ጽሑፍ ሁሉ የእሱ እጅ ነው። እንደ እሱ ፊደል የሚያሳምር በዚህ ከተማ አልነበረም።

ባለፈው ጥቅምት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የመድኃኒት ቤቱን ፎቅ ልንቀባ ሄድን። ያንን ረጅም የአሉሚኒየም መሰላል እንደተዘረጋ አቁመን፣ እሱ በግራ እኔ በቀኝ ይዘን ማዕዘኑን ዞርን። ኤሊየሰር፣ "አለቃ፣ እናስተኛው እንዴ?" አለኝ። "አሥር እርምጃ ለማትሞላ መንገድ?" አልኩት። እሱ እንደ አንተ አይከራከርም፤ መሰላሉን እንደያዘ መራመዱን ቀጠለ።

ከዚያ መሰላሉ ወደ መንገዱ አዘነበለ። ጫፉ ሽቦውን ሲነካ እንደ ርችት ጮኸ፤ ኤሊየሰርን አንስቶ አስፋልቱ ላይ ጣለው። መሰላሉ ግን ሽቦው ላይ እንደተደገፈ ቀረ፤ እግሩ ከኤሊየሰር ጫማ አንድ ስንዝር አይርቅም። ሮጬ ልጎትተው ስል ዓሣ የምትጠብሰው ኤርሜሊንዳ ቀበቶዬን ከኋላ ያዘች። "አንተ ሰውዬ፣ እንዳትጠጋ! ሁለት ሬሳ ልታስለቅመኝ ነው?" ብላ ጮኸችብኝ። በአንድ እጇ እኔን እንደያዘች በሌላው ለመብራት ሰዎች ደወለች። መጥተው መስመሩ ጠፍቷል እስኪሉን ድረስ ቆሜ አየሁት። ጓንቱ ይጨስ ነበር። ስሜን ይጠራ ነበር።

አልሞተም። ቀኝ እጁን ግን ከአንጓው ቆረጡት።

በየእሑዱ እጠይቀዋለሁ። ዳማሪስ ከተጠበሰው ዓሣ ትልቁን ለእኔ ታወጣለች፤ "በክፉ ቀን ያልሸሸኸን አንተ ነህ" ትለኛለች። እሱ በግራ እጁ ካርቶን ላይ መጻፍ ይለማመዳል። "እያቸው፣ ፊደሎቼ ሁሉ ጠጥተው ነው የመጡት" ብሎ ይስቃል። ከሳቀ በኋላ ግን ሁልጊዜ ያንኑ ይጠይቀኛል። "አለቃ፣ እኔ ማዕዘኑን እስክንዞር ድረስ ነው የማስታውሰው። ምን ሆነ?"

"ነፋስ ነው። ከባሕሩ በኩል ድንገት መጣ" እለዋለሁ።

ዳማሪስም ታማትባለች። "አንተም እኮ ይዘኸው ነበር። ድንግል ማርያም ናት ያተረፈችህ" ትላለች። እኔ የዓሣውን እሾክ መልቀም እይዛለሁ።

ወንድሜ፣ ያን ቀን በሲዬናጋ ቅጠል አልተንቀሳቀሰም። ስልኬም ኪሴ ውስጥ አልነበረም፤ መሰላሉን የለቀቀው እጄ ውስጥ ነበር።

ለፋሲካ ሳምንት እናታችንን ለማየት መምጣትህ ከሆነ፣ እሑድን ለእኔ ተውልኝ። ኤሊየሰር ቤት አብረን እንሂድ። በሩን የማንኳኳው እኔ ነኝ፣ የምናገረውም እኔ። አንተ አጠገቤ ብቻ ቁምልኝ።

እግዚአብሔር ሁለቱን እጆችህን ይጠብቅልህ፤ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ።

ታላቅ ወንድምህ