የስንዱ ልጅ ደብዳቤ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

ሾፌሮች ሱቄ የሚያስቀምጡትን የወታደር ደብዳቤ የምለየው ባመጣው መኪና ነው፤ የአስመራው መኪና ያመጣው ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሰዎች ካርቶን፣ የመተማው ወደ አይከል ሰዎች ካርቶን ይገባል። የአምባ ጊዮርጊስ ልጆች የዘመቱት ወደ አስመራ፣ የአይከል ልጆች ወደ መተማ ስለሆነ ስም አላነብም። ዛሬ የአምባ ጊዮርጊሷ ስንዱ እንደ ሁልጊዜው መጣች።

«ምነው አያ ጌጡ፣ ዛሬም የለም? እንግዲህ ተስካሩን ማውጣት ነው የቀረኝ።»

ከአምባ ጊዮርጊስ ካርቶን ባጣ የአይከሎችንም ገለበጥሁ። የልጇ ደብዳቤ ከሥር ተገኘ። ለካ ወደ መተማ ተዛውሯል።

«ያንብቡልኝ እንጂ! ምን ያፈዝዎታል?»

አነበብሁላት። ደህና ነው። እየሳቀች ሄደች። ወዲያው ሁለቱንም ካርቶን ዘርግፌ በስም ለየሁ።

ሳነብላት ከአናቱ ያለውን ቀን ዘልዬዋለሁ። ነሐሴ ይላል፤ ሁለት ወር እኔ ዘንድ ተኝቷል።