ማንም አልተኛም

ሰኞ፣ የካቲት 2፣ ጠዋት

ሾርባ በስትሮ። ግማሹ አገጬ ላይ ፈሰሰ። ማስታወሻዬ፣ ሁለት የፊት ጥርሶቼ የሉም። ከንፈሬ ተሰፍቷል። መንጋጋህ አልተሰበረም አሉኝ ሆ/ል፣ ደስ ይበልህ በሚል ዓይነት።

የመታኝ ታምራት ነው። ታምራት! ናይሮቢ አንድ ፍራሽ የተጋራሁት ሰው። እዚህ ኤደን ፕሬሪ ከተማ፣ መጋዘኑ ውስጥ ያስቀጠርኩትም እኔ ነኝ። ትናንት ከሺፍት ስወጣ ፓርኪንግ ሎት ቆሞ ይጠብቀኛል። ልጨብጠው እጄን ስዘረጋ አፌን በቡጢ። በረዶው ላይ ተዘረርኩ። ከዚያ በቦት ጫማው ጎኔን፣ ደጋግሞ። ሸጥከኝ፣ ሸጥከኝ ይላል። ምን እንደሸጥኩ አይናገርም። ሰዉ መኪናው ውስጥ ሆኖ ያያል። ማንም አልወረደም።

ፖሊስ ሆ/ል ድረስ መጣ። ማን መታህ አለኝ። ሰምባዲ፣ የሆነ ሰው አልኩት። ታውቀዋለህ? አላውቀውም። ማወቅስ አውቀዋለሁ። ግን ለፖሊስ አልሰጠውም። የኔ ነው። እኔው እሰብረዋለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬ ገባኝ። አንድ የሥራ ባልደረባ ደወለልኝ። ታምራት ዓርብ ዕለት ተባሯል። ሱፐርቫይዘሩ "ሰምባዲ ቶልድ ሚ" ብሎታል፤ አንድ ሰው ነገረኝ፣ ሥራ ላይ ትተኛለህ። ታምራትም ያን "አንድ ሰው" ሲፈልግ ሰነበተ። ሐሙስ ዕለት ሱፐርቫይዘሩ ያናገረው ማንን ነበር? እኔን።

እኔ ግን አልሸጥኩትም! የሆነው እንዲህ ነው። ታምራት ዕቃ ከተደረደረባቸው ፓሌቶች ጀርባ ካርቶን አንጥፎ ተኝቷል። ቀን ቀን ሌላ ሥራ አለው፣ ሰውነቱ አልችል ብሎታል። ሱፐርቫይዘሩ መጣና ከኋላ የተኛ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልተኛም አልኩት። በእንግሊዝኛ፣ ኮራ ብዬ፦ "ኖባዲ ኢዝ ኖት ስሊፒንግ።" ሰውዬው ሳቀ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ወደ ኋላ ሄደ። ያመነኝ መስሎኝ ነበር።

ልሸፍነው ዋሸሁ። እሱ ጥርሴን አረገፈ። የጎማ መፍቻውን ከመኪናው ኋላ አውጥቼ ከጎኔ ወንበር ላይ አስቀምጫለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5፣ ከክላስ መልስ

ቤት ብቀመጥ ግድግዳውን ልደበድብ ነው። ስለዚህ ያበጠ አፌን ይዤ እንግሊዝኛ ክላስ ሄድኩ። የተማርነውን ስማ። ሰምባዲ፣ ኤኒባዲ፣ ኖባዲ። መምህሯ፣ ጡረታ የወጡ ሴት፣ ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ማንም ካልደወለ "ኖባዲ ኮልድ" ነው፣ በቃ። አፍራሹ ቃል አንዴ ከገባ ሁለተኛ አይጨመርም አሉ። እኛ "ማንም" ብለን ደግሞ "አልመጣም" እንላለን። "ምንም" ብለን "አልበላሁም"። ካልደገምነው አማርኛው አይቆምም። በነሱ ግን ሁለቱ አፍራሾች እርስ በርስ ይበላላሉ።

እጄን አወጣሁ። በዚህ በተሰፋ ከንፈር፣ ኖባዲ ኢዝ ኖት ስሊፒንግ ምን ማለት ነው አልኳቸው። ሳቁ። ያልተኛ ሰው የለም ማለት ነው፣ ሁሉም ተኝቷል ማለት ነው አሉ።

ታዲያ ሸጬዋለሁ። በገዛ አፌ፣ ትከሻዬን እየተመታሁ።

ንዴቴ ግን አልበረደም። እንዲያውም ባሰ። ለምን አልጠየቀኝም? ያን ሁሉ ዓመት አውቆኝ "አንተ ነህ ወይ?" ቢለኝ ምን ነበረበት? አንድ ጥያቄ። ከቡጢው በፊት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው፤ ካልተነበበ እለፈው።

ፊሊፕስ ሰፈር፣ ታምራት ቤት ሄድኩ። ላስረዳው ነው አልኩ ለራሴ። ላስረዳው ከሆነ የጎማ መፍቻ ብረቱን ለምን በጃኬቴ ስር ያዝኩ? ራሱ ከፈተ። ጀመርኩለት፤ ኖባዲውን፣ ኖቱን፣ ክላሱን። ፊቴ ላይ ሳቀ።

"ከሸጥከኝ በኋላ ደግሞ በሰዋስው ልታታልለኝ መጣህ?"

ደረቴን ገፋኝ። በብረቱ መታሁት። ጭንቅላቱን ነበር ያሰብኩት፤ ክንዱን አስቀደመ። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ሁለተኛ ልደግመው ብረቱን አንስቻለሁ፣ ማስታወሻዬ። አንስቻለሁ። ሚስቱ ሰናይት ከውስጥ ወጥታ ፊቴን በጥፍሯ ቦጨቀችው፣ የድስት ክዳን አንስታ ጆሮዬን አለችኝ። ብረቱ ከእጄ ወደቀ። ልጃቸው ብሌን በእንግሊዝኛ ትጮሃለች፤ ስልኳን ይዛ ፖሊስ እየጠራች ነው።

ፖሊሶቹ ሁለት ነበሩ። ደረጃው ላይ ቆመው ታምራትን ጠየቁት፤ ሰው መታህ? ታምራት ላብ በላብ ሆኖ፣ ክንዱን አቅፎ፦

"ኖባዲ። አይስ። አይ ፎል።" ማንም አልመታኝም፣ በረዶ አዳልጦኝ ወደቅኩ ማለቱ ነው።

ፖሊሱ መሬት ላይ ያለውን ብረት አየ። የደማ ፊቴን አየ። ወደ ሰናይት ዞረ። እሷ አፍጥጣ አየችኝ። እንደዚያ ታይቼ አላውቅም።

"ናቲንግ" አለች። "ናቲንግ ሃፕን።" ምንም አልሆነም ማለቷ ነው።

አምቡላንስ እንጥራ አሉ፤ አይሆንም ተባሉ። ሄዱ። ታምራት ለምን አዳነኝ? እስካሁን አልገባኝም።

በሩ እንደተዘጋ ታምራት ልጁን ጠራት። ያቺን የኔን ዓረፍተ ነገር እኔው እንድላት አዘዘኝ። አልኩላት። ብሌን እንባዋን እየጠረገች "ኢት ሚንስ ኤቭሪባዲ ኢዝ አስሊፕ፣ ዳድ" አለች፤ ሁሉም ተኝቷል ማለት ነው።

ታምራት ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አንተ ሰውዬ፣ 'ኖ' ብቻ ማለት አነሰህ?"

ሆ/ል ድራይቭ አድርጌ ወሰድኩት። መንገዱን ሁሉ ሲያቃስት፣ እኔ የጎደለ ጥርሴን በምላሴ ስነካካ። ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ሥራ ቦታ ሄድኩ። ሱፐርቫይዘሩን ያልኩት ሌላ፣ ማለት የፈለግኩት ሌላ ነው አልኩት። ልዩነቱ ምንድነው አለኝ፤ ሄጄ በዓይኔ አየሁት፣ ተኝቷል። እውነቱን ነው። ተኝቶ ነበር። ኮምፒውተሩን አንስቼ ራሱ ላይ ልሰብረው ምን ቀረኝ። እጄን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። እነዚህ እጆች፣ እ/ር ይያዛቸው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ሰናይት ፍሪድሊ ከተማ ነው የምትሠራው፣ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ። መኪና አትነዳም። በየጠዋቱ የሚያደርሳት ታምራት ነበር። አሁን በአንድ ክንድ፣ በዚህ በረዶ፣ እንዴት?

ጠዋት ደጃቸው ቆምኩ። አንኳኳሁ። ሰናይት ከፈተች። ላድርስሽ አልኳት።

"አንተ መኪና ውስጥ ከምገባ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል።"

በሩን ዘጋችው። ሞተር አስነስቼ ጠበቅኩ። ቆይታ ወጣች፤ አላየችኝም፤ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ቆመች። አውቶቡሱ አልመጣም። ተመልሳ መጥታ የኋላውን በር ከፈተች። ከኋላዬ፣ ልክ ከአንገቴ ጀርባ ተቀመጠች። እስከ ፍሪድሊ ይቅርታ ልል ሁለት ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ፈራሁ። ደግሞ ምን ብዬ ምን እንደሚሰማ ማን ያውቃል።

ስትወርድ "አሥር ሰዓት ነው የምወጣው" አለች። በሩን ወርውራው ሄደች፣ መስታወቱ እስኪነቃነቅ።

ታረቅን አልልህም። ታምራት ስልክ አያነሳልኝም። እኔም ጥርሴን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ግን ክንዱ እስኪድን የምመላልሳት እኔ ነኝ። ወስኛለሁ፤ ብትሰድበኝም፣ ብትደበድበኝም።

ዘጠኝ ተኩል ሆነ። በረዶው እየከበደ ነው። መስታወቱን ልጥረግ፣ ላመጣት ልነሳ።