እናቲቱ ለምን አትጠይቅም?

ወንድሜ አስሜ፣

ከተለየኸን ክረምቱ ገብቶ ወጣ። እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጀምር ላንተ የሚሆን ሰላምታ አላውቅም። እኔ ነኝ፣ እታለምህ፣ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ። እታለም የሚለኝ ጠፍቶ ጤና ጣቢያው ሁሉ ሲስተር ይለኛል።

ቤቱ እንዳለ ነው። ፈተና ታርምበት የነበረው ጠረጴዛ ላይ አሁን ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ ብታይ ትቆጣ ነበር። ላፕቶፕህን ግን ሳልነካው ቆየሁ። ባለፈው ሰሞን ብከፍተው ያ የጃፓን ፊልም መብራት የጠፋብን ቦታ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

ትራሱን ፊቴ ላይ ይዤ በጎን ነበር የማየው፣ ትዝ ይልሃል? ፊልሙ ላይ ልጅቱ ከተማ ሞታለች፤ ዘመዶቿ እናቷ እንዳትሰማ ተማክረው ደብቀዋል። ሟቿ ጫማዋን በእጇ ይዛ በየዘመዶቿ ቤት እየዞረች በር ጥግ ትቆማለች። የምትወዳትን አክስቷን እንኳ እንቅልፍ ነሳቻት። የእናቷን ደጃፍ ግን አትረግጥም። እኔ በቀል ነው አልኩ፤ ክፉ መንፈስ ደግሞ ምን ምክንያት ያሻዋል? አንተ መቼም አስተማሪ ነህ፣ ፊልሙን እያቆምክ ታስረዳኝ ጀመር። የምትፈልገው ደም አይደለም፣ መርዶዋ እንዲነገርላት ነው፣ እናቷ ሳታለቅስላት እንዴት ትረፍ አልከኝ። የጃፓኗን መንፈስ የአገራችን የስማዳ ልጅ አደረግሃት ብዬ ሳቅሁብህ።

የተጣላነው በእናትየዋ ነበር። ዘመዶቿ በመጡ ቁጥር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሩዙ ታወራለች፤ ልጄ የት ናት ብላ ግን አንድም ቀን አትጠይቅም። የወለደች እንዴት አትጠይቅም፣ ይሄ የደራሲው ስንፍና ነው ብዬ ሙጭጭ አልኩ። አንተ ቆይ እስኪ፣ ፊቷን እይው ስትለኝ መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፕህ ባትሪ ደግሞ አይዝም። ቀሪውን ሌላ ቀን እናየዋለን አልን፤ ከዚያ ሕመምህ ጠና።

አንተን እዚሁ ቀበርንህ። ስማዳ፣ ወገዳ ላለችው እናታችን ግን አልነገርናትም። አጎቶቻችን ደም ግፊቷ እስኪረጋ ይቆይ አሉ፤ እኔም የጤና ባለሙያ ነኝና ልክ ነው አልኩ። ቀጥሎ ክረምቱ መንገዱን ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ሰበብ መች ይጠፋል! ለሥልጠና ሄዷል፣ ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም የሚል ውሸት አዘጋጅቼ ስደውልላት ስለ ገብሱ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ጉልበቷ ታወራኛለች። ስላንተ አንዴም አልጠየቀችኝም። ስልኩ ሲዘጋ ተመስገን እል ነበር።

ፊልሙን የከፈትኩ ዕለት ያቺ እናት ሩዝ እያጠበች ስለ ዝናቡ ስታወራ፣ እንዳልከኝ ፊቷን አየሁት፤ ያወቀች እናት ፊት ነበር። ከዚያ በላይ ማየት አልቻልኩም። በማግስቱ አጎቶቻችንን ሰብስቤ መርዶውን ካልነገራችኋት ብቻዬን እሄዳለሁ አልኳቸው። እያጉረመረሙም ቢሆን መጡ።

ወገዳ ዘመድ ቤት አድረን ጎህ ሲቀድ ከንስሐ አባቷ ጋር ደጇ ደረስን። በሩ አልተቀረቀረም። እምዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ለካ፣ በኋላ እንደነገረችኝ፣ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን እንደዚያ ነበር የምትለብሰው፤ የሰው ኮቴ ስትሰማ ታቃናዋለች። ያን ዕለት ሳታቃናው ጠበቀችን። መጣችሁ ልጆቼ፣ አለች። እሁድ እሁድ የምትደውልላት አንተ ነበርክና፣ ስልኩ ዝም ያለበት የመጀመሪያው እሁድ ለእሷ መርዶዋ ነበር። እኛ እስክንችለው ብላ ነው ያልጠየቀችን።

የግፊት መለኪያውን በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ሳላወጣው እግሯ ሥር ወድቄ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ማልቀሷ እስካሁን ያንገበግበኛል፣ አስሜ።

ፊልሙን አልጨረስኩትም፤ የሚከራከረኝ ሳይኖር ምን ያደርግልኛል። ረተኸኛል። አሁን እሁድ እሁድ የምደውልላት እኔ ነኝ። ስለ ገብሱም ስለ ላሟም እናወራለን። ከእንግዲህ ግን ስምህን ሳንጠራ ስልኩን አንዘጋም።

እታለምህ